የፊት ወንበር

የአሮጌ መኪኖች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አርባ አንድ አንቀጾች አሉት። አርባው ስለ መኪኖቹ ጤናና ስለ ውድድሩ ሥርዓት ነው። የመጨረሻው ስለ ሰዎቹ ጤና ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ዐይኑ የደከመ ሰው በፊት ወንበር አይቀመጥም።» አርቃቂው ሊቀመንበሩ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ፤ ከዐይናቸው ያመለጠ ነገር እንደሌለ ራሳቸው ደጋግመው ስለመሰከሩ ሌላ ምስክር አያሻም።

ዓመታዊው የዳገት ውድድር ሁለት ቀን ሲቀረው ደብዳቤ ደረሳቸው። ጸሐፊው የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ የወጣ ሰው። አንደኛ የሚወጡት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር መሆናቸው ከደብዳቤው ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

«መምህሩ አያዩም» ይላል ደብዳቤው። «የሚነዱት በሚስታቸው አፍ ነው። በየመታጠፊያው ‹ቀጥሎ ምንድን ነው?› እያሉ ይጠይቋቸዋል። የሚስታቸውን ክንድ ሳይዙ አንድ እርምጃ አይራመዱም። ባለፈው ስብሰባ ደግሞ ለባለቤታቸው የዘረጋሁትን እጅ እሳቸው ቀልበው ጨበጡት።»

ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። አዘኑ። ከዚያ ብዕራቸውን ቀረጹ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት መምህሩና ባለቤታቸው በ«ሙሽሪት» መጡ። ሙሽሪት መኪናቸው ናት፤ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። መምህሩ መሪውን ይዘው፣ ባለቤታቸው ጡረተኛዋ አዋላጅ የመንገዱን ደብተር ይዘው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ይህችን ዳገት አብረው ወጥተዋል። ልጆቻቸው ርቀዋል፤ ወዳጆቻቸው አንድ በአንድ እየቀነሱ ነው። ከፊት ወንበር የተነሡ ቀን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የላቸውም።

«መምህር፣ ዛሬ ከኋላ እቀመጣለሁ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ለፍተሻ ነው። የደከመ ዐይን ካገኘሁ ስማችሁን ከዝርዝሩ እሰርዛለሁ።»

የመምህሩ ፊት ዐመድ መሰለ። እንደ ወትሯቸው የባለቤታቸውን ክንድ አጥብቀው ይዘው በሩ ድረስ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ጻፉ፦ «ይዘዋል።»

«ስንት ኪሎ ነዎት ሊቀመንበር?» አሉ አዋላጇ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

«ሰማንያ አምስት።»

«አየህ አንተ ሽማግሌ፣ መንታ ያረገዘች ሴት ሆነናል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቀደም ብለህ ማርሽ ቀንስ፤ አለዚያ መንገድ ላይ ትወልዳለች።»

ሊቀመንበሩ አልሳቁም። ምስጢር ይዘዋል። ማለዳ ሰው ልከው፣ ከአሥራ ዘጠነኛው መታጠፊያ ባሻገር መሃል መንገዱ ላይ ቀይ በርሜል አስቁመዋል። በማንም ደብተር ውስጥ የሌለ በርሜል። የሚያይ ሹፌር ይቆማል። የማያይ ደግሞ… ሊቀመንበሩ ዕቅዳቸውን ያሰቡት እስከዚህ ድረስ ነበር።

ያምናው አሸናፊ ቀድሞ ስለሚነሣ ባንዲራው መጀመሪያ ለሙሽሪት ወረደ።

«ቀጥሎ ምንድን ነው?» አሉ መምህሩ።

«ቀኝ፣ ጠባብ። ሁለተኛ ማርሽ።»

በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ገደል ነው። በገደሉ አፍ ያለው ግንብ ከጉልበት አይበልጥም። አዋላጇ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በየመታጠፊያው አንድ ገጽ ይገልጣሉ።

«ቀጥሎ?»

«ግራ፣ ረጅም። አትፍራው።»

አሥራ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ሊቀመንበሩ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። እሳቸውም መኪናዋ ውስጥ ናቸው።

«መምህር፣ እ… ትንሽ ቀስ ቢሉ?»

«በውድድር ላይ ወሬ ክልክል ነው። አንቀጽ ሃያ ሁለት፤ ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እኮ ለጤናችን…»

«ዝም በሉ እንጂ!» አሉ አዋላጇ። «አሥራ ዘጠኝ። ግራ፣ ሰፊ። ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ነው። ርገጠው!»

ሙሽሪት አገሳች። ታጠፈች። ቀዩ በርሜል ከፊት ብቅ አለ። ሊቀመንበሩ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልመጣም።

«ርገጠው እንጂ!» አሉ አዋላጇ።

መምህሩ ፍሬኑን ረገጡ። ጎማዎቹ ጮኹ፤ የመኪናዋ ጭራ ወደ ገደሉ ተወረወረ፤ ግንቡን ገጨና ጠጠር ወደ ታች ወረደ። ጠጠሩ መሬት ሲነካ ሊቀመንበሩ አልሰሙም። ሙሽሪት ከበርሜሉ አንድ ስንዝር ቀርቷት ቆመች።

«ምነው?» አሉ አዋላጇ።

«በርሜል» አሉ መምህሩ።

«እዚህ? ማን አባቱ ነው ያቆመው?»

«የሚያስብ ሰው ነዋ።»

ሊቀመንበሩ ወረዱ። በርሜሉን በገዛ እጃቸው ገለል አደረጉ። ከዚያ ተመልሰው ጻፉ፦ «መምህሩ ያያሉ።» ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑም ከሥሩ ጨመሩበት፦ «ሚስታቸው ሁለት ጊዜ ‹ርገጠው› ሲሏቸው እምቢ ብለው ቆመዋል። በሚስት አፍ የሚነዳ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

ያን ዕለት የጥርስ ሐኪሙ አንደኛ ወጣ። ዋንጫውን ይዞ ፈገግ ለማለት ሲሰናዳ ሊቀመንበሩ ውሳኔያቸውን በድምፅ ማጉያ አነበቡ። የመምህሩና የባለቤታቸው ስም በዝርዝሩ ይቆያል። ሐሜተኞች ይፈሩ ዘንድ ይህ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ሐኪሙ ዋንጫውን ብብቱ ውስጥ ከቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ሙሽሪት ከአፍንጫዋ እንፋሎት እየተፋች ራቅ ብላ ቆማለች። መምህሩ የራዲያተር ውኃ ፍለጋ ሄደዋል። አዋላጇ ብቻቸውን በፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሊቀመንበሩ በጠጠሩ ላይ ቀስ ብለው ተራምደው መስኮቱ አጠገብ ደረሱ። ይቅርታ ሊጠይቁ ፈልገው ነበር፤ ሊቀመንበር ይቅርታ የሚጠይቅበት አንቀጽ ግን በደንቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ ኮፍያቸውን አወለቁና ፊት ለፊታቸው ዝም ብለው እጅ ነሱ።

አዋላጇ ቀና ብለው ዐይን ዐይናቸውን እያዩ ፈገግ አሉና፣ «ያ ቂል ሄደልን፣ አንተ ሽማግሌ?» አሏቸው።