የክርስትና ስም

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው ልጄ?» አሏት ጎረቤቷ እትዬ አሰገደች፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አስቁመው።

ክው አለች። ለቀዶ ጥገና ልትገባ መሆኗን እንኳ ለጎረቤት አልተነፈሰችም። ትናንት ደግሞ በሰው የክርስትና ስም ድግምት ሲሠራ ስለተያዘ ጠንቋይ በስልኳ አይታለች። ይህች አሮጊት ስሜን ምን ልታደርገው ነው?

«ወለተ ኪዳን» አለች ፈጠን ብላ።

ስሙ የእሷ አልነበረም። ዓይኗን ማየት የማትፈልጋት የባሏ እህት የክርስትና ስም ነው። የሚመጣ ነገር ካለ በእሷ ይምጣ ብላ ነው።

እትዬ አሰገደች እንዳይረሱት ስሙን እያነበነቡ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ነጠላቸውን ተከናንበው ሹልክ ሲሉ ታያቸዋለች። «ይኸው፣ ጠንቋዩ ጋ» ትላለች በልቧ። አንድ ቀን ተከተለቻቸው።

አሮጊቷ መንደሩን አቋርጠው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ ተደፉና አለቀሱ።

«እመቤቴ፣ ወለተ ኪዳንን ከቢላዋ ሥር በሰላም አውጫት። ለልጆቿ አትርፊልኝ።»

ቀና ሲሉ አዩዋት። ፊታቸው በራ።

«መጣሽ? ታናሽ እህትሽ መታመምሽን ብትነግረኝ ጊዜ እኮ ነው ስምሽን የጠየቅኩሽ። ነይ፣ አጠገቤ ተንበርከኪ። ብቻዬን ስጠራሽ ሰነበትኩ፤ ዛሬስ በራስሽ አፍ ለምኚ።»

ተንበረከከች። እትዬ አሰገደች እጇን ይዘው ጠበቁ።

«እመቤቴ…» አለች፣ «ወለተ ኪዳንን… ለልጆቿ አትርፊልኝ።»