ከሁሉ የኮመጠጠው መሬት

ሰውዬው የእሱን መሬት ያህል የኮመጠጠ መሬት ከፀሐይ በታች እንደሌለ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲምል ሰነበተ። «በእኔ ማሳ ላይ ጉንዳን እንኳ ፊቱን አጨማዶ ነው የሚያልፈው» ይላል።

እርግጥ ነው፣ ገብሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቁርጭምጭሚት በላይ አልበቀለም። ዘንድሮ ደግሞ አፈሩ አሲዳማ ለሆነበት ገበሬ ማርከሻ የሚሆን ኖራ በነፃ ሊሰጥ ነው ተባለ። ኖራው ትንሽ፣ ፈላጊው አገር ምድሩ ነው። ሰውዬው ነገሩን ለእግዜር ብቻ መተው አላስቻለውምና ለምርመራ ባዘጋጀው የአፈር ከረጢት ውስጥ ሰባት ሎሚ ጨመቀበት።

በምርመራው ቀን የግብርና ባለሙያዋ አፈሩን በውኃ በጠበጠችና የመለኪያ ወረቀቱን አነሳች። «ከቀላ አሲድ አለበት፣ ኖራ ያገኛሉ። ሰማያዊ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኖራ አያስፈልገውም» አለችው።

«ልጄ፣ የእኔ መቅላት ብቻ አይደለም፣ ይደማል» አላት።

ወረቀቱ ሲወጣ የመስከረም ሰማይ መስሏል። ባለሙያዋ ደግማ ነከረች፣ ሠልሳ ነከረች።

«ጋሼ፣ የእርስዎን አፈርማ በኖራ ፋንታ ለጎረቤት ብናከፋፍለው ይሻላል» አለችና ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዘችው።

ሰውዬው ከረጢቱን አገላብጦ አሸተተው። አብራው የመጣችው ሚስቱ ግን ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ኖራው ይቅርብን። በአገር ፊት መሬታቸው ኮመጠጠ ከሚሉን ብዬ፣ ትናንት ከረጢቱ ውስጥ ሦስት እፍኝ አመድ ቀላቅዬበት ነው» አለችው።