ከጓንቴ ነው

ቀዶ ሐኪሙ የአዛውንቱን አንጀት ቆርጦ የቀጠለው ራሱ በፈለሰፈው አዲስ ክር ነበር። በቀዶ ጥገና ክፍሉ መስታወት ማዶ ክሩን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ተደርድረው ያዩታል። እንደ ወጉ ስፌቱን ውሃ ውስጥ ደፍቀው አንጀቱን በአየር ነፉት፤ ስፌቱ ካላፈሰሰ ውሃው ዝም ይላል። ዝም ያለ ሲመስል አንዲት አረፋ ብቅ ብላ ፈነዳች።

"ከጓንቴ ነው" አለ ፈጠን ብሎ። "ውሃውን ምጠጪና እንዝጋ።"

ረዳቱ አቀረቀረ። ነርሷ ግን መምጠጫውን አላነሳችም። "እስቲ ዶክተር፣ እጅዎን ከውሃው ያውጡት" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አወጣው። አረፋዋ ተመልሳ መጣች፤ ሌላም አስከተለች። ፊቱ ከጭንብሉ ሥር ጋለ፤ የሚገባበት ጠፋው። ነርሷ የዱሮውን ክር መርፌ ላይ አስገብታ ዘረጋችለት። ሊቀበላት ሲል ዓይኑ እጁ ላይ አረፈ። ጠዋት አዛውንቱ ይህንኑ እጅ ጨብጠው "አደራህን ልጄ፣ አንተን አምኜ ነው የምተኛው" ብለውት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ውሸቱን ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እንዳሉትም አምነውት ተኝተዋል።