የራይንሆልድ መሐላ

ራይንሆልድ ከሞተ ወዲህ አደልጉንደ ቋሊማ የሚባል በአፏ አልዞረም። ባሏ ክረምት ክረምት በየቤቱ እየዞረ አሳማ የሚያርድ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሰል አቀጣጥሎ ቋሊማ የሚጠብስ ሰው ነበር። በቱሪንጊያ ሸለቆዎች ሁሉ የእሱን የሚያህል አልተገኘም ይላሉ።

ቁንዶ በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱንማ ማንም ያውቀዋል። የቀረውን ግን በሩን ዘግቶ ብቻውን ነበር የሚቀምመው። አባቱ ሲያስተምረው መጽሐፍ ቅዱስ አስይዞ አስምሎታል፤ ከአብራኩ ለወጣ ልጅ ካልሆነ በቀር ለማንም፣ ለሚስቱም ቢሆን እንዳይነግር።

ልጅ ደግሞ አልተሰጣቸውም። አደልጉንደ በየገናው ስታለቅስ ራይንሆልድ ፀጉሯን እየዳበሰ፣ «ማን ያውቃል፣ ጉድለቱ ከእኔ ይሆናል» ይላት ነበር። በዚህች ቃል ተጽናንታ አረጀች። ቅመሙም አብሮት ተቀበረ።

ዘንድሮ የበዓሉ ጥብስ ለሮስቪታ ተሰጠ። ከወንዙ ማዶ ገርሊንደ ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ ናት።

አደልጉንደ ጸሎት አድርሳ ስትወጣ ጎረቤቷ ኤጎን ቋሊማ የገባበት ዳቦ ይዞ፣ አፉ ሰናፍጭ በሰናፍጭ ሆኖ ጠራት።

«ነይ ቅመሺ እንጂ! ራይንሆልድ ከመቃብር ተነስቶ የጠበሰው እኮ ነው የሚመስለው!»

«በሙታን አትቀልድ፣ ኤጎን።»

«መጀመሪያ ቅመሺ፣ ከዚያ ትቆጪኛለሽ።»

ቀመሰች። ያው የባሏ ቅመም ነው፤ አንድም አልጎደለው።

ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት። ሮስቪታ የቢራ ጠርሙሱን አፍ በአውራ ጣቷ ከደን አድርጋ ጥብሱ ላይ አርከፈከፈች። መቆንጠጫውን ሁለቴ ቋ ቋ አድርጋ ገለበጠች። ልክ እንደ እሱ። «አመሉን እንኳ አልተወችለትም» አለች አደልጉንደ በልቧ።

አሰበችው። የሌላውን ሰው አሳማ በአንድ ቀን ጨርሶ የሚመለስ ባሏ፣ የገርሊንደን ሲያርድ እዚያው ያድር ነበር። መንገዱ በረዶ ነው ይላታል፤ እሷም ወፍራም ካልሲ ጨምራ ትሸኘዋለች። ለካ ያቺ ሴትዮ አጠጥታ አስለፍልፋዋለች! ታዲያ አሁን ራይንሆልድ እግዚአብሔር ፊት የቆመው መሐላውን በልቶ ነው? ስርቆቱን ትችለው ነበር። ይሄኛው አንገበገባት።

ሰውን እየገፋች ከሰሉ ድረስ ሄደች።

«ሌባ! እናትሽ ባሌን አስክራ ነው ቅመሙን የወሰደችበት!»

«ኧረ ተይ አደልጉንደ፣ በበዓል ምድር!» ኤጎን ክንዷን ያዛት። አስለቀቀችው።

ሮስቪታ መቆንጠጫውን አስቀመጠች። ሰው ሁሉ ማኘኩን ትቶ ያያታል።

«እትዬ፣ ይቅርብዎ። ማታ ቤትዎ ልምጣና እናውራ።»

«አይቀርብኝም! የሞተ ሰው ስም ነው። እዚሁ፣ ሰው ፊት ተናገሪ! ስለ እግዚአብሔር ብዬሻለሁ!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ጥብሱ ማረር ጀምሯል።

«አልሰረቅንም፣ እትዬ። እሱም መሐላውን አላፈረሰም።»