የጋሽ ደምሰው ቋጠሮ

ተሽከርካሪ ወንበሯ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንደኛው የፊት ጎማ አልነበረም። የፋሲካ ዋዜማ በመሆኑ መናኸሪያው ይተራመሳል፤ እሷ ግን በሩ አጠገብ ካለው መቀመጫ ሆና የምታየው ጎማው የተነቀለበትን ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ከበዓሉ ማግስት አዲስ ሥራ ትጀምራለች፤ ያለዚያ ወንበር ግን ከደጃፏ አታልፍም።

«እኔ ደኅና አድርጌ ነው የጫንኩት» አለ ጎልማሳው ረዳት፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ዝም በል!» ሲሉ አንባረቁበት ጋሽ ደምሰው። አጠገቧ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ለበዓሉ ስለገዙት ጥቁር በግ ሲያወጉላት የመጡ አዛውንት ናቸው፤ የረዳት ቋጠሮ አላምንም ብለው፣ በጉን ራሳቸው ጣሪያው ላይ ወጥተው ነው ያሰሩት። «የሰው እግር እኮ ነው የሰበርከው! ሹፌር፣ ይህን ሰው ዛሬውኑ ካላሰናበትክ ከዚህ ንቅንቅ አንልም!»

ተሳፋሪው «እውነታቸውን ነው!» እያለ ረዳቱን ከበበው፤ አንዱማ ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው። እሷ ጋሼን በልቧ መረቀቻቸው። ስለ እሷ እንዲህ የተቆጣ ሰው አይታ አታውቅም።

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «በቃ፣ የቀረውን ዕቃ አውርድና ሂድ» አለው።

ረዳቱ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ጥቁሩንም በግ ታቅፎ ወረደ። ከበጉ አንገት ረጅም ገመድ ተንጠልጥሏል። በገመዱ ጫፍ አንዲት ትንሽ ጎማ እንደተቋጠረች ነበረች።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ጋሽ ደምሰው ዞረ።

«ጋሼ» አለች በለሆሳስ፣ «በግዎ መጣልዎ።»