ማንም ሳያሳየው

“እንዲህ አይደለም፣ ስጪኝ” ይላል ባሌ ደምሰው፣ ለቡ ሰፈር ከሚሠራበት ግንባታ እንደመጣ፣ ሲሚንቶ የነካካውን ልብስ እንኳ ሳያወልቅ። ልጃችንን ሚሳኤልን ከጭኔ ላይ ይወስደዋል።

ዛሬ ሐኪም ቤት የሄድነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ዶክተሯ የሦስት ዓመት ልጄን ላብ አስመርምራ፣ ጨው በዝቶበት ስላገኘችው፣ ሕመሙ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል እንደሆነ፣ ከእናትም ከአባትም በዘር እንደሚወረስ ነገረችኝ። አክታው እንዲወጣለት ጀርባውን እንዴት እንደምመታም አሳየችኝ። ቤት ገብቼ ስሞክር ግን ልጁ አለቀሰብኝ እንጂ ምንም አልወጣለትም።

ደምሰው በሆዱ ጉልበቱ ላይ ያስተኛዋል፤ ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ወገቡን ከፍ። መዳፉን እንደ ጭልፋ ጎድጎድ አድርጎ ከጎድኑ ግርጌ ወደ ላይ ዱብ ዱብ ያደርገዋል። ልክ እንደ ዶክተሯ። እንዲያውም ከእሷ ይፈጥናል።

“ማን አሳየህ?”

እጁ አይቆምም።

“ደምሰው፣ ማን አሳየህ ነው የምልህ!”

“ትሩፋት” ይላል አንገቱን ደፍቶ። “ታናሽ እህቴ። እሷም ላቧ ጨው ጨው ይል ነበር። እኔ ነበርኩ የምመታላት።”

“በኩፍኝ ሞተች አላላችሁኝም?”

“እማዬ ናት እንደዚያ በል ያለችኝ። ዘራቸው በሽተኛ ነው ከተባለ ማን ልጁን ይሰጠናል ብላ...”

ደርግ በወደቀ ዓመት እኔን ሊጠይቁ የተላኩት ሽማግሌዎች አባቴ ፊት ቆመው “አቦን! ቤታቸው ንጹሕ ነው” ሲሉ ይሄ ሰውዬ ያውቅ ነበር። እናቱ እትዬ እማዋይሽ ሚሳኤል በሳለ ቁጥር “ይሄ ከእናንተ ወገን ነው” ሲሉኝ፣ እሱ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላ ነበር። ይህንንስ እችለው ነበር። ልጄ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ያን ሁሉ መርፌ ሲወጋ እግሩን ይዞ ያስወጋው እሱ ነው!

“ዶክተሯ ጠይቃኝ ነበር እኮ” እለዋለሁ። “ሕመሙ አንድ ቢሆንም የሳንባው መቆጣት ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ አንዱን ቶሎ ይጎዳዋል፣ ሌላውን ይታገሰዋል፤ ይሄም በዘር ነው አለችኝ። ከቤተሰብ የታመመ ካለ እንዴት እንዳደረገው ንገሪኝ አለችኝ። በባሌ በኩል ማንም የለም ብዬ ማልኩላት። በልጄ ማልኩ!”

የልጁን ጀርባ መምታቱን ይቀጥላል።

“ትሩፋት ለትምህርት ቤት ደርሳ ነበር?”

“አልደረሰችም።”

ሚሳኤል ይስላል። ወፍራም አክታ ይወጣለትና ትንፋሹ ይከፈታል። ልነጥቀው እጄን እዘረጋለሁ። ልጄ ግን እዚያው አባቱ ጉልበት ላይ፣ ከስንት ቀን በኋላ ደህና እየተነፈሰ፣ እንቅልፍ ወስዶታል።