ወደ ኋላ የሚሄደው ታንክ

ሚስቱ የማይታያትን ክር በጥርሷ በጥሳ ኮቱን አለበሰችው። "ዛሬማ ሙሽራ መስለሃል! የሰፋሁት አርማ ልክ ነው?" አለች፣ እጅጌውን እየዳበሰች። ጡረተኛው የታንክ ሾፌር ክንዱን ሲያይ ክው አለ። በታንከኛው ጦር ደንብ አርማው ላይ ያለው ታንክ አፈሙዙ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ወደ ኋላ ካየ የሸሸ ሰው ምልክት ነው። የእሱ ወደ ጀርባው ዞሯል። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መርፌ ስትይዝ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ፊቷም በርቷል። "ልክ ነው፣ የኔ እመቤት" አላት።

ወደ ጦሩ በዓል አብሮት ሊሄድ የመጣው የታንኩ ተኳሽ የነበረው ጓደኛው በሩ ላይ ቆሞ "አንተ፣ ታንክህ ወዴት ነው የሚ..." ብሎ ሲጀምር ሾፌሩ አቋረጠው። "ረሳኸው እንዴ? በድልድዩ ውጊያ የኋላ ማርሽ ብቻ ቀርቶልን፣ ወደ ኋላ እየነዳን ጠላትን ያባረርነውን! ለዚያ የተሰጠን ክብር ነዋ!"

እንዲህ ያለ ውጊያ ኖሮ አያውቅም። ተኳሹ የሾፌሩን ሚስት በመርፌ የተወጉ ጣቶች አየ። "ምን እረሳዋለሁ! አቧራችን ፀሐይን አስነጥሷት የለ?" አለ። ከዚያ የራሱን ኮት አውልቆ ጭኗ ላይ አኖረላት። "የኔን ያ ልብስ ሰፊ ወደ ፊት አዙሮ አበላሽቶብኛል። እባክሽ እህቴ፣ እንደሱ አርገሽ ስፊልኝ።"